ከጥናቱ እስከ ስልካችን፦ የፍሎራይድ ነገር



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሳሳን የራሳችን ስህተት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ፈተና ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው በጀማዓችን የቴሌግራም ቻናል ላይ አንድ መልእክት ለጥፈን ነበር። «በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ አእምሮን እንደሚያደነዝዝ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አረጋገጡ፤ ወደ ሲዋክ እንመለስ» የሚል ነበር። የአንድ ሕንፃ ፎቶና የሐኪም ልብስ የለበሰ ሰው ምስል ነበረበት። ማን እንደጻፈው አልጠየቅንም። ሲዋክን ስለሚያወድስ ደስ አለን፤ አስተላለፍነው።

ከሳምንታት በኋላ ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ የመጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ከዐስር ሶላት በኋላ ቆይቶ አነጋገረን። ጥርሶቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ቡናማ ናቸው፤ በአካባቢው ይህ የፍሎራይድ ሥራ እንደሆነ ከጤና ባለሙያ ሰምቷል። «መልእክታችሁን አነበብኩት። እንግዲህ የእኔ አእምሮ ተጎድቷል ማለት ነው?» አለን። በዚያው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ከብዶት ስለነበር ነገሩን ከዚያ ጋር አያይዞታል። ያን ዕለት የምንመልሰው አልነበረንም። አንዲት እህታችን ደግሞ የጥርስ ሳሙናዋን ጥላ ሦስት ወር ከቆየች በኋላ መንጋጋዋን ታማ ወደ ክሊኒክ ሄዳለች። ሕመሙ በዚያ ምክንያት ብቻ መጣ አንልም፤ ጥርስ በሦስት ወር ተቦርቡሮ አያልቅም። ሳሙናውን ያስጣላት ግን የእኛ መልእክት ነው።

ስለዚህ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጥናት ዘርፎችን ጎን ለጎን እናያለን። አንዱ ስለ ጥርስ ነው፤ ሌላው ዜና በሕዝብ ሐሳብና በፖለቲካ ላይ ስላለው ተጽዕኖ። ሁለቱ የሚገናኙበት ጉዳይ ከፍሎራይድ የተሻለ አላገኘንም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው እንደ ወንድማችን ባሉ ጥርሶች ነው። በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። በ1909 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና መምህር የነበረው ጂ. ቪ. ብላክ መጥቶ አብሮት መመርመር ጀመረ። ሁለቱ ያስተዋሉት ነገር እንግዳ ነበር፦ ቡናማዎቹ ጥርሶች በቀላሉ አይቦረቦሩም። ማኬይ ነገሩ ከውሃው ነው ብሎ ጠረጠረ፤ በውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ግን ለረጅም ዓመታት አላገኘም። መልሱ የመጣው በ1931 ከአንድ የአሉሚኒየም ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። ኩባንያው ጥርስ የሚያበላሸው አሉሚኒየም ነው እንዳይባልበት ሰግቶ ነበርና፣ ዋናው ኬሚስቱ ቸርችል ውሃውን ሲመረምር ከፍተኛ ፍሎራይድ አገኘበት። ጥቅሙን ለመጠበቅ የተነሳ ኩባንያ እውነተኛ ውጤት አገኘ ማለት ነው። ይህን ልብ እንበል። ማን ከፈለበት የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባልደረባ ትሬንድሊ ዲን «ስንት ሲሆን ነው የሚያበላሸው? ስንት ሲሆን ነው የሚጠቅመው?» ብሎ ተነሳ። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። በብዙ ከተሞች የልጆችን ጥርስ ከውሃው ጋር አስተያይቶ፣ በአንድ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ቡናማው ነጠብጣብ ብዙም ሳይታይ መቦርቦሩ እንደሚቀንስ ደረሰበት። ጥር 25 ቀን 1945 የሚሺጋን ግዛት ከተማ ግራንድ ራፒድስ በውሃዋ ላይ ፍሎራይድ በመጨመር በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም በጥናቱ ተሳትፏል። ወደ 30,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተከታታይ ምርመራ ተደረገላቸው። ከ11 ዓመት በኋላ፣ ፍሎራይዱ ከተጨመረ ወዲህ በተወለዱት ልጆች ላይ የጥርስ መቦርቦር ከ60 በመቶ በላይ መቀነሱ ተገለጸ።

አሠራሩ ለማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ ከጥርሱ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ ማዕድኑን ይመልሳል። ቀኑን ሙሉ አፋችን ውስጥ የሚካሄደው ይህ ማውጣትና መመለስ ነው። በጥርሱ ላይ ጥቂት ፍሎራይድ ካለ መመለሱን ያፋጥናል፤ የተመለሰውም ማዕድን አሲድ ይበልጥ ይቋቋማል። የጥርስ ሳሙና የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው፤ ይቀባል፣ ይተፋል። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ፣ ቋሚ ጥርሶቹ ከድድ ሥር በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ በመጠጥ ሲገባ ሽፋኑ ተበላሽቶ ይሠራል። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሳሙና ተጠቅሞ ቡናማ የሚሆን የለም።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ እንመለስ። አሜሪካኖቹ የሚጨቃጨቁት ፍሎራይድ እንጨምር ወይስ አንጨምር ብለው ነው። በስምጥ ሸለቋችን ግን የሚጨምር ሰው አያስፈልግም። ውሃው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይዞት ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ እጅግ የሚያልፉ፣ 10 ሚሊ ግራምን እንኳ የሚበልጡ ጉድጓዶች ተመዝግበዋል። በደጋው ግን ውሃው በአብዛኛው ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ከጠጡት ሠራተኞች መካከል ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት የደረሰባቸው፣ ጀርባቸው የደረቀ ሰዎች ተገኝተው በሐኪሞች ተጠንቷል። ለአገራችን ሰው ፍሎራይድ የፈረንጅ ሤራ ወሬ አይደለም፤ የውሃ ጉድጓድ ጉዳይ ነው። መልእክቱን ስንለጥፍ ይህን አላሰብንም፤ ከእኛው መካከል ያለውን ሰው ረሳነው።

«አእምሮዬ ተጎድቷል?» ለሚለው ጥያቄ የሚገባው መልስ ይህን ይመስላል። በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማ ነገሮች ጥናት ፕሮግራም በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን መርምሮ፣ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ የፍሎራይድ መጠን በልጆች ላይ ዝቅ ካለ የአእምሮ ፈተና ነጥብ ጋር ግንኙነት እንዳለው «በመካከለኛ እርግጠኝነት» ደመደመ። አሜሪካኖች ውሃቸው ላይ ለሚጨምሩት 0.7 ሚሊ ግራም ግን ይህን ለማለት የሚበቃ መረጃ የለም ብሏል። እንግዲህ መልእክታችን ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። ከሥሩ እውነተኛ ሪፖርት አለ። የጠፋው «ከ1.5 በላይ» የሚለው ነው፤ «በመካከለኛ እርግጠኝነት» የሚለው ነው፤ ጥናቱ ስለሚጠጣ ውሃ እንጂ ስለሚተፋ ሳሙና አለመሆኑ ነው። ሦስቱ ሲወልቁ የቀረው ሌላ ነገር ሆነ።

ለወንድማችን ደግሞ እንዲህ አልነው። ጥናቶቹ የሚናገሩት ስለ ብዙ ልጆች አማካይ ነው። አማካይ የአንድን ሰው አእምሮ አይለካም፤ የጥርስ ቀለምም እንዲሁ። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተወዳድሮ እዚህ የደረሰ ሰው ራሱን በቴሌግራም መልእክት የሚመዝንበት ምክንያት የለም። ጥርሱ ቆሻሻ አይደለም፤ ተላላፊም አይደለም፤ መልኩ ካሳሰበው የጥርስ ሐኪም የሚያሻሽልበት መንገድ አለው። ታናናሽ እህቶቹ አሁን ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጠጡ ግን መጠየቅ አለበት። እሱም መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ራሱ ቢሆንም፣ ይህን ስንነግረው ስልኩን አውጥቶ ቤት ደወለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዘርፍ እንለፍ። እንዲህ ያለ መልእክት እኛ ዘንድ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ግራንድ ራፒድስ ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ከተሞች ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ ማቅረብ ጀመሩ። በ1950 በዊስኮንሲን ግዛት ስቲቨንስ ፖይንት በምትባል ትንሽ ከተማ ሕዝቡ ፍሎራይዱን በድምፁ ጣለው። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞች ያው ተደገመ። ለጋዜጣ የሚጻፉ ደብዳቤዎችና በራሪ ወረቀቶች ትልቅ ሥራ ሠሩ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና ፍሎራይድ የኮሚኒስቶች ሤራ ነው የሚሉም ተነሱ፤ ወሬው ከመዛመቱ የተነሳ በ1964 በወጣው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ፊልም ውስጥ ይህን የሚያምን ያበደ ጄኔራል መሳለቂያ ሆኖ ይታያል። ሆኖም ድምፅ የነፈጉት ሁሉ እብዶች አልነበሩም። ብዙዎቹ «የምንጠጣውን ማን ይወስንልናል?» ብለው የጠየቁ ሰዎች ናቸው። ይህ የሳይንስ ጥያቄ ሳይሆን የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው የፖለቲካውን ጥያቄ ለመርታት ሲባል የሳይንሱ ቁጥር ሲታጠፍ ነው፤ ይህንንም የሁለቱም ወገን ሰዎች አድርገውታል።

በዚያን ጊዜ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋዜጣና ሬዲዮ የሕዝብን ምርጫ እንዴት ይለውጣሉ ብለው አጥንተው ነበር። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ የ1940ን የፕሬዚዳንት ምርጫ በኦሃዮ ግዛት በኢሪ ወረዳ ተከታተሉ። የጠበቁት ሬዲዮው ሰዉን በቀጥታ ሲያሸንፈው ማየት ነበር። ያገኙት ግን ሌላ ነው፦ ሰው ይበልጥ የሚሰማው የሚያውቀውን ሰው ነው። ዜናው መጀመሪያ ጋዜጣ ወደሚያነብ ጎረቤት ወይም ዘመድ ይደርሳል፤ ከእሱ ወደ ሌሎች ይተላለፋል። ይህን ስናነብ ደነገጥን። በእኛ ጉዳይ ያ መካከለኛ ሰው ማነው? እኛው ነን። እህታችን ሳሙናዋን የጣለችው ፎቶ ላይ ያለውን ሐኪም አምና አይደለም፤ ጀማዓዋን አምና ነው።

ሌላው ጥናት የ1968 ነው። በሰሜን ካሮላይና፣ ቻፕል ሂል፣ ማክኮምስና ሾው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልወሰኑ 100 ሰዎችን «የአገሪቱ ዋና ጉዳይ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሳቸውን የአካባቢው የዜና ማሰራጫዎች ብዙ ቦታ ከሰጧቸው ጉዳዮች ጋር ሲያስተያዩት በእጅጉ ተመሳሳይ ሆነ። ማለትም ዜና ምን እንደምናስብ ባይወስን እንኳ ስለ ምን እንደምናስብ ይወስናል። በጥርስ ላይ እንየው። ሁላችንም ለሳምንታት ስለ ፍሎራይድ ተከራከርን። ጥርስን በዋናነት የሚያስቦረቡረው ስኳር ግን አንድም ቀን አልተነሳም። ካፌ ተቀምጠን ስለ ፍሎራይድ መርዝነት ስንከራከር በፊታችን ያለው ሻይ አራት ማንኪያ ስኳር ነበረበት፤ ለስላሳውን ሳንቆጥር።

ከማኅበራዊ ሚዲያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። በ2018 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ተመራማሪዎች በትዊተር ላይ ከ2006 እስከ 2017 የተሰራጩ 126,000 ገደማ ወሬዎችን መርምረው ነበር። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ ወደ ሌላ የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል። ይበልጥ የሚሮጠው ደግሞ የፖለቲካው ነው። አሰራጩ ማሽን ይሆን ብለው ሲያጣሩ፣ ለልዩነቱ ተጠያቂው በዋናነት ሰው ሆነ። ሐሰቱ አዲስና አስደናቂ ስለሆነ ሰው ሊነግረው ይቸኩላል።

ፍሎራይድም እንደገና ወደ ፖለቲካ ተመልሷል። በ2024 ኅዳር፣ የአሜሪካ ምርጫ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ትራምፕ ካሸነፉ አስተዳደሩ ፍሎራይድ ከውሃ እንዲወጣ እንደሚመክር በኤክስ ገጹ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ዩታ በሕግ የከለከለች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። የእኛም መልእክት በዚያ ማዕበል የመጣ ይመስለናል፤ የሌላ አገር የምርጫ ክርክር ተቆርጦ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ሲዋክ ተጨምሮበት።

ካልጋሪ የምትባለው የካናዳ ከተማ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትሆናለች። የከተማው ምክር ቤት በ2011 ፍሎራይዱን አስወጣ፤ ጎረቤቷ ኤድመንተን ግን ቀጠለች። ተመራማሪዎች በ2018 እና 2019 በሁለቱም ከተሞች 7 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች መረመሩ። የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረባቸው በካልጋሪ 64.8 በመቶ፣ በኤድመንተን 55.1 በመቶ ሆኑ። በ2021 የካልጋሪ ሕዝብ በድምፁ ፍሎራይዱ እንዲመለስ ወሰነ። ግን ቁጥሮቹን ደግመን እንያቸው። ፍሎራይድ ባለባትም ከተማ ከግማሽ በላይ ልጆች ጥርሳቸው ተጎድቷል። የዛሬው ልዩነት የግራንድ ራፒድስን ያህል ሰፊ አይደለም፤ አንዱ ምክንያት ዛሬ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና በየቤቱ መኖሩ ነው። ስለዚህ «ካልተጨመረ ጥርስ ያልቃል» የሚለውም «መርዝ ነው» የሚለውም ከጥናቱ አልፎ ይሄዳል።

አሁን የሚያስቸግረን ክፍል ላይ ደረስን፤ ሲዋክ። ሲዋክ ሱና መሆኑ ለማናችንም አዲስ አይደለም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየሶላቱ እንዲሆን ምን ያህል እንደወደዱ በሐዲስ ተላልፎልናል። ለዚህ የዩኒቨርሲቲ ማኅተም አንፈልግም። ሆኖም ደጋፊ ጥናት ስናይ ዓይናችን ይጨፈናል። በ2003 በሳዑዲ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ሲዋክ በጥርስ ላይ የሚከማቸውን ቆሻሻና የድድ መቆጣትን በመቀነስ ከብሩሽ የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። በየቻናሉ ይዞራል። የተሳተፉት 15 ሰዎች እንደነበሩ፣ አጠቃቀሙንም አስቀድመው እንደተማሩ ግን ማንም አይጽፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ሲዋክ ልማድ በሆነበት አካባቢ መጠቀሙን አበረታቷል። ይህ እውነት ነው፤ የጥርስ ሳሙናን ጣሉ ማለት ግን አይደለም። ሲዋክና ሳሙና ባላንጣዎች አይደሉም። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ተቦርሾ፣ ለዉዱእና ለሶላት ሲዋክ መጠቀም ይቻላል። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይለስልስ፤ ሲያረጅ ይቆረጥ። ድዱን ወደ ጎን አጥብቆ መፋቅ ድድ እንዲሸሽ ያደርጋል፤ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ብሎ መፋቅ ይሻላል። የተቦረቦረ ጥርስን ግን ሲዋክም ሳሙናም አይደፍኑትም፤ ሐኪም ይፈልጋል።

በኪታብ ቂርኣታችን ሐዲስ ሲነበብ መጀመሪያ የምንጠይቀው ሰነዱን ነው። ከማን ሰማ? ያም ከማን? አንዱ ራዊ ካልታወቀ ሐዲሱ ይደክማል። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽም ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል። ይህን ከቂርኣት ክፍል ስንወጣ በር ላይ ትተነው እንወጣለን። በመልእክታችን ላይ ሰነዱን ብንጠይቅ የመጀመሪያው ራዊ ራሱ አልታወቀም። «የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች» ማን ናቸው? ቀጥሎ መጠኑን ብንጠይቅ፣ ስንት ሚሊ ግራም? የለም። በማን ላይ ተጠና? የለም። ከምን ጋር ተወዳደረ? እሱም የለም። ሁሉንም ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። የጤና ሳይንስ ተማሪዎች በጀማዓችን ውስጥ እያሉ አንዳቸውንም አልጠየቅንም፤ ይህ ከሁሉ ያሳፍረናል።

ከዚህ በኋላ ጤናን የሚመለከት መልእክት በቻናላችን የሚወጣው ከጤና ተማሪዎቻችን ሁለቱ ካዩት በኋላ ነው። ከስምጥ ሸለቆ የመጣችሁ ወንድምና እህቶች፣ ለዕረፍት ስትሄዱ የቤታችሁ ውሃ የፍሎራይድ መጠኑ ስንት እንደሆነ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ይጨምረዋል። አማራጭ ዝቅተኛ ምንጭ ካለ፣ ወይም የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካለ፣ ቅድሚያ ለሕፃናት ይሁን። ትናንሽ ልጆች ሳሙናውን ስለሚውጡት፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል።

እርማቱን በቻናሉ ላይ ለጥፈነዋል። የመጀመሪያውን መልእክት ያዩትን ያህል ሰው እስካሁን አላየውም። መልእክቱን ወደ ቤተሰብ ወይም ወደ ሌላ ግሩፕ ያስተላለፋችሁ ካላችሁ እርማቱንም እዚያው ላኩልን።